ተራሮችን የለካው ምእመን፦ አንትዋን ዳባዲ (1810–1897)

የባሌን ደጋ የሚያሳይ የመሬት አቀማመጥ ካርታ በእጃችን ሲገባ ዓይናችን አስቀድሞ የሚፈልገው የምናውቀውን ስፍራ ነው። ጎባን በቶጎና ወንዝ አጠገብ፣ ሮቤን በሻያ ወንዝ አካባቢ እናገኛለን። ቀጫጭኖቹ የከፍታ መስመሮች በሮቤ ሜዳ ላይ ተራርቀው፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ በሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ተጠጋግተው ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር የሚል ቁጥር ተጽፎበት ይገኛል። የቶጎናና የሻያ ውኃ ለወይብ ይገብራል፤ ወይብም የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ወደ ዶሎ ቆላ ይወርዳል። በዚያ አካባቢ ገናሌ፣ ዳዋና ወይብ ተገናኝተው ጁባ የሚባለውን ወንዝ ያስገኛሉ፤ ጁባም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይፈስሳል።

ይህ ሁሉ ተራራና ወንዝ በአንድ ወረቀት ላይ ስፍራ ስፍራውን ይዞ የተገኘው እንዲሁ አይደለም። አንድ ሰው በኮረብታ ራስ ላይ መለኪያ ተክሎ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ አቅጣጫ መዝግቦ፣ ስሙን ከአገሬው ጠይቆ መጻፍ ነበረበት። በአገራችን ይህን ሥራ በሰፊ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ያከናወነው አንትዋን ዳባዲ የተባለ ካቶሊካዊ ምእመን ነው። ካህን አልነበረም፤ መነኵሴም አልነበረም። ልኬቱም እስከ ባሌ አልደረሰም። ሆኖም በአገራችን ለተመሠረተው ካቶሊካዊ ተልእኮ መነሻ ከሆኑት ሰዎች አንዱ ነው፤ ስለ ደቡብ ወንዞቻችን የተነሣው ረጅም ክርክርም ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አንትዋን ዳባዲ በጥር 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ላይ ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ የተገኘ፣ በፈረንሳይ አብዮት ምክንያት አገሩን ለቆ የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። የቤተሰቡ ስም በአባቱ አገር ከሚገኝ አንድ ጥንታዊ የገዳም ርስት የመጣ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ዳባዲ የሚለውን ስም ሲሰማ በውስጡ አባ የሚል ቃል ቢያገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በቱሉዝ ከተማ ተቀመጠ። አንትዋን ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕግንና የተፈጥሮ ሳይንስን ተማረ።

ወደ አፍሪካ የመሄድ አሳብ ያደረበት ገና በወጣትነቱ ነው። ለዚህም ብሎ ራሱን በእግር ጉዞና በዋና አሠለጠነ፤ የመለኪያ መሣሪያዎችንም አያያዝ ተማረ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ እንደ ተመለሰ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ግብፅ ተሻገረ። በካይሮም ጆሴፔ ሳፔቶ የተባሉ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ተጨመሩላቸው፤ ሦስቱም በየካቲት ወር 1838 ምጽዋ ገቡ።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ነበረች። በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጠው ንጉሥ ከስሙ በቀር ሥልጣን አልነበረውም። ትግራይንና ስሜንን ደጃዝማች ውቤ፣ ቤጌምድርን ራስ ዓሊ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይዘዋል። ከጥቂት ጊዜ በፊት ዓድዋ ገብተው የነበሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በዚያው ዓመት ተባረሩ። አባ ሳፔቶ ግን በዓድዋ እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። በዓድዋ ሥራ መጀመሩን አንትዋን በዓይኑ አይቶ ወደ አውሮጳ ተመለሰ። አመላለሱ ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ አንደኛው የተሻሉ መሣሪያዎችን ለማምጣት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዚህች አገር ካህናት ያስፈልጋሉ ብሎ ለሮም ለማመልከት።

ይህ ማመልከቻ ያስገኘውን ፍሬ አብዛኞቻችን እናውቃለን። በ1839 ቅድስት መንበር የሐበሻን ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ አቋቁማ ለላዛሪስት ማኅበር ሰጠች፤ ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ ሆነው የተላኩትም አቡነ ያዕቆብ እያልን የምንጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዓድዋ ደረሱ። ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል ያገኟቸው፣ ከእርሳቸውም ጋር ወደ ሮም የተጓዙት፣ በኋላም በ1855 በእስር ተንገላተው ስለ እምነታቸው ያረፉት ከዚህ የተነሣ ነው። የእነዚህን አባቶች ገድል በየዓመቱ የምናስተምር ካቴኪስቶች፣ ከጀርባው መለኪያ ተሸክሞ የሚዞር አንድ ምእመን ለሮም ያቀረበው ልመና እንዳለ ብናስታውስ መልካም ነው።

አንትዋን በ1840 ወደ ምጽዋ ተመለሰ፤ ወደ መሐል አገር ለመግባት ግን ወዲያው አልሆነለትም። ዓይኑ ክፉኛ ታምሞ ለመታወር ተቃርቦ ነበር። ሰማይን በመነጽር እያየ የሚሠራ ሰው ዓይኑን ሲያጣ ምን እንደሚቀረው መገመት አያዳግትም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ሲንከራተት ቆይቶ፣ ዓይኑ ሲሻለው በ1842 እንደገና ወደ ደጋው ወጣ። አርኖ በዚህ ጊዜ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ባለሟል ሆኖ፣ ፈረስ እየጋለበ በጦርነታቸው ይሰለፍ ነበር። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይ ፍጹም የተለያየ ነበር ማለት ይቻላል። ታናሹ ከመኳንንት ጋር ሲውል፣ ታላቁ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን እየሄደ፣ ከደብተራና ከነጋዴ ጋር ይውል ነበር። በጎንደር ሊቅ አጽቁ የሚባሉት የታወቁ አዋቂ ወንድማማቾቹን ተቀብለው አስተናግደዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አይጎዳንም።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ጉብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ኮረብታ ከብቧታል። ይህችን ከተማ ከነተራሮቿ በወረቀት ላይ በትክክል ለማስቀመጥ ምን ያስፈልጋል? መንገደኛው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ያደርግ የነበረው የተጓዘበትን ሰዓት ቆጥሮ ርቀትን መገመት ነው። ነገር ግን በቅሎ በዳገትና በሜዳ እኩል አትሄድም፤ ገደል ያለበት መንገድም ይጠማዘዛል። በእንዲህ ያለ ግምት የተሠራ ካርታ አንዱን ተራራ ከስፍራው የአንድ ቀን መንገድ ያህል ሊያርቀው ይችላል።

ዳባዲ በመንገዱ ፈንታ ተራራውን ተከተለ። ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ ወደ ከፍታ ይወጣል። በመጀመሪያ በፀሐይ ትክክለኛውን ሰሜን ያገኛል፤ ከዚያም መሣሪያውን በዙሪያው እያዞረ ከዚያ ስፍራ የሚታየውን እያንዳንዱን ጫፍ፣ አምባና ቤተ ክርስቲያን ከሰሜን በስንት ማዕዘን እንደሚገኝ ይጽፋል። ወደ ሌላ ኮረብታ ሲሄድ እነዚያኑ ጫፎች ከአዲሱ ስፍራ እንደገና ይለካቸዋል። ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ከጎባ ሆኖ የአንድን ተራራ አቅጣጫ በወረቀት ላይ መስመር ቢያሰምር፣ ተራራው በዚያ መስመር ላይ እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንደሚርቅ አያውቅም። ወደ ሮቤ ወርዶ ያንኑ ተራራ አይቶ ሁለተኛ መስመር ቢያሰምር ግን ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ የተራራው ስፍራ ነው። ከሦስተኛ ቦታ የተሰመረው መስመር በዚያው ነጥብ ካለፈ ልኬቱ እውነት ነው፤ ካላለፈ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ ላይ በሰንሰለት ከሚለካ አንድ ርቀት ነው። በዘመነ መሳፍንት ለዚያ የሚሆን ጊዜም ጸጥታም አልነበረም። ስለዚህ ዳባዲ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ስፍራዎችን መርጦ፣ የእያንዳንዱን ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ አግኝቶ፣ ከልዩነታቸው ርቀቱን በስሌት አወጣ። ይህን ዘዴ ፈጣን ልኬት ብሎ ሊጠራው ወደደ፤ ፍጥነቱ ግን ለእርሱ ብቻ የሚታይ ይመስለኛል፤ ሥራው ዓመታትን ፈጅቷልና። በአገራችን በቆየበት ጊዜ ወደ 5000 የሚደርሱ አቅጣጫዎችን መዝግቦ፣ ከ800 በላይ የሆኑ ስፍራዎችን ቦታ ወስኗል።

ከፍታን ለማወቅ ደግሞ ከሌላ ልኬት ጋር ውኃ ያፈላ ነበር። በባሕር ዳርቻ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቀደም ብሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በጎባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ባቄላና አተር ለምን ቶሎ እንደማይበስል ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ ይኸው ነው። ዳባዲ በጥንቃቄ የተሠራ ቴርሞሜትር በፈላ ውኃ እንፋሎት ውስጥ እያስገባ፣ ከዲግሪው የተራራውን ቁመት ያሰላ ነበር። በ1848 በስሜን ተራሮች ላይም እንዲህ አደረገ።

ከማዕዘንና ከዲግሪ የማይተናነስ አንድ ሌላ ሥራ ነበር፤ ስም መሰብሰብ። ተራራ ራሱ ስሙን አይናገርም። በዚህ ወገን ያለው ሕዝብ አንድ ስም ሲያወጣለት፣ በማዶ ያለው ሌላ ሊያወጣለት ይችላል። ዳባዲ አማርኛንና ግዕዝን ያጠና፣ ኦሮምኛንም ከተናጋሪዎቹ ጠይቆ የመዘገበ በመሆኑ፣ ስሙን እንደ ሰማው ለመጻፍ የራሱን የአጻጻፍ ሥርዓት አወጣ። የውጭ አገር ካርታ ሠሪዎች የአገራችንን ስሞች ምን ያህል እንዳበላሹ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትጋት ዋጋ ይረዳል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ተራራ ላይ የነሐስ ዕቃ አቁሞ ወደ ሰማይ የሚያይና ስማችሁን ንገሩኝ የሚል እንግዳ ሕዝቡን ቢያስፈራው የሚፈረድበት አልነበረም። የሚጻፍ አገር ነገ የሚወረር አገር ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ባዶ እንዳልነበረ የኋላው ታሪክ አሳይቷል።

በ1843 ዳባዲ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ግቤ ምድር ወረደ፤ የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦም ተቀበሉት። ንጉሡ ብልህና ጥንቁቅ ነበሩ፤ ይህን የመሰለ እንግዳ በቀላሉ አይለቁም። በዚያን ጊዜ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሊያመጡ መልእክተኞች ይልኩ ስለ ነበር ዳባዲን ከእነርሱ ጋር ሰደዱት። በዚህ ሁኔታ ቦንጋ ደርሶ ለጥቂት ቀናት ተቀመጠ። በከፋ ካህን አጥተው ለብዙ ዘመን የኖሩ፣ ከክርስትና ግን አንዳንድ ልማድ የጠበቁ ወገኖች እንዳሉ ተረዳ። ይህም በልቡ ቀረ።

ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ብዛትና ስለ አገሩ ስፋት፣ በዚያም የወንጌል መልእክተኛ ስላለመኖሩ ለሮም ጻፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካርያት አቋቋሙ፤ ለካፑቺን ማኅበርም ሰጡት። የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። በዚያው ዓመት ምጽዋ ቢደርሱም ወደ ተመደቡበት ሕዝብ ለመግባት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ጉድሩ የገቡት በ1852 ነው። ከዚያ ወደ እናርያና ወደ ከፋ አለፉ፤ በሸዋም ከምኒልክ ዘንድ ብዙ ዓመት ተቀመጡ፤ ተደጋጋሚ ስደትም ደረሰባቸው። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ በ1884 ካርዲናል ሆኑ። አንድ ደብዳቤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚጭን ከዚህ ይታያል፤ ጻፊው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የተላኩት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተንከራተቱ። በ2012 ከመቂ ሐዋርያዊ ቪካርያት ተከፍሎ የተቋቋመው የሮቤ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ የመጀመሪያ አስተዳዳሪም ከዚሁ ከካፑቺን ማኅበር መሆናቸውን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

በዚሁ በግቤ ምድር የዳባዲ ታላቅ ስሕተትም ተፀነሰ። በዚያ ዘመን የአውሮጳ ሊቃውንትን ሁሉ ያስጨንቅ የነበረው ጥያቄ የነጭ ዓባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ነበር። ዳባዲ ግቤን አይቶ፣ ይህ ወንዝ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነጭ ዓባይን የሚያስገኝ ነው ብሎ አመነ። በጥር ወር 1846 ሁለቱ ወንድማማቾች በባቢያ ጫካ ከግቤ ምንጮች አንዱን አግኝተው የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ በዚያ ተከሉ። ከብቱን ከዚያው ምንጭ ሲያጠጣ የኖረው ሕዝብ ነገሩን እንዴት እንዳየው የጻፈ የለም። እኔ በበኩሌ ከዳባዲ ሥራዎች ሁሉ ደስ የማይለኝ ይህ ነው፤ ብዙ ዓመት በትዕግሥት ሲለካ የኖረ ሰው በዚያች ዕለት ቸኮለ።

ወንድማማቾቹ በ1848 መጨረሻ አገራችንን ለቀው ሄዱ። ዳባዲ ከመሣሪያዎቹና ከማስታወሻዎቹ ጋር ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ነበር። ከፊሉን ገዝቶ፣ ከፊሉን ለጸሓፊዎች ከፍሎ አስገልብጦ ያገኛቸው ናቸው። በ1859 የታተመው የእነዚህ መጻሕፍት ዝርዝር 234 ጥራዞችን ይዟል፤ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአገራችን መጻሕፍት በባዕድ አገር መቀመጣቸው ያሳዝናል፤ ነገር ግን በ1868 ከመቅደላ በጦር ኃይል ከተወሰዱት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ያገኘው ሄርማስ ወይም የሄርማስ እረኛ የተባለው መጽሐፍ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ይህ ከሐዋርያት ቀጥሎ ባለው ዘመን በሮም የተጻፈ መጽሐፍ ነው። የግዕዙ ትርጕም በዳባዲ እጅ በ1860 በላይፕሲግ ታተመ፤ አባቶቻችን የጠበቁትም ለዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደረሰ። በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ።

በፓሪስ ክብር ጠበቀው። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ፣ እርሱም በሸዋና በጎጃም ተዘዋውሮ የነበረ መንገደኛ፣ ዳባዲ ወደ ከፋ ፈጽሞ አልሄደም፤ ሄድኩ ያለው ሐሰት ነው ብሎ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያው ማኅበር ተቀብሎት የነበረውንም ሜዳልያ መለሰ። ለሳይንስ ሰው ከዚህ የከፋ ክስ የለም። በከፋ ያየው ምስክር በሙሉ ከባሕር ማዶ ነው፤ ማንም ሊጠየቅ አይችልም። ዳባዲ በእምነቱ የጸና፣ በቃሉ ተአማኒነት የሚኮራ ሰው ነበር፤ ክሱ ምን ያህል እንደ ወጋው መገመት ይቻላል።

ለክሱ የሰጠው ትልቁ መልስ የልኬት መዝገቡ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ የተባለውን መጽሐፍ፣ ሮዶልፍ ራዶ ከተባለ የስሌት ሊቅ ጋር ሆኖ ከ1860 እስከ 1873 በክፍል በክፍል አወጣ። ዐሥር ካርታዎችም አብረው ወጡ። ከካርታው ይልቅ የሚደነቀው ግን ከካርታው በስተኋላ ያለውን ሁሉ ማተሙ ነው። በየኮረብታው ላይ የጻፈው ማዕዘን፣ ሰዓቱ፣ የፈላው ውኃ ዲግሪ፣ በአንድ ስፍራ ሁለት ልኬቶች ሳይስማሙ ቢቀሩ አለመስማማታቸው፣ ሁሉም በረድፍ በረድፍ ተዘረዘረ። ማንም ሰው እርሳስና ወረቀት ይዞ ስሌቱን ከመጀመሪያው ሊሠራው ይችላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሐሰተኛ ሰው ሊጽፈው አይችልም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሐሰት ማዕዘኖች በአንድ ተራራ ላይ አይገናኙምና። ከእርሱ በኋላ ወደ ግቤና ወደ ከፋ የገቡት መንገደኞች ያየሁትን ጽፌአለሁ ያለውን አረጋገጡለት።

ነገር ግን እውነት በአንድ ወገን ብቻ አልቆመችም። በቀላሉ ሊታይ የሚችለውን ሁሉ በትክክል የለካው ሰው፣ ያላየውን የወንዙን መጨረሻ በተመለከተ ተሳስቶ ነበር። በ1862 ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ። ግቤ የሚገባበት ኦሞስ ወዴት ይሄዳል? አንዳንዶች ወደ ዓባይ ሲሉ፣ ሌሎች ወደ ጁባ ማለትም የባሌ ወንዞች ወደሚፈስሱበት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በውስጥ አገር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል ይሉ ነበር። የዚህ ጥያቄ መፍቻ በከፊል በእኛ በኩል አለፈ። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የኢጣልያ መኮንን በ1892ና በ1893 ከበርበራ ተነሥቶ የጁባን ገባሮች እየመረመረ ገናሌን ወደ ላይ ተከተለ። ጁባ ውኃውን የሚያገኘው ከባሌና ከሲዳሞ ደጋ መሆኑ ያን ጊዜ በካርታ ላይ ሰፈረ። በሁለተኛው ጉዞው በ1896 ኦሞን ተከትሎ ወርዶ፣ ወንዙ ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል በነበረው በቱርካና ሐይቅ እንደሚያበቃ አረጋገጠ። ከአምሳ ዓመት በፊት በባቢያ ጫካ የተተከለው ሰንደቅ ዓላማ ከዓባይ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው ከዚያ ወዲያ የሚያከራክር አልሆነም። የዳባዲ የማዕዘን መዝገብ ግን አልተነካም፤ የግቤ ተራሮች እርሱ ባስቀመጣቸው ስፍራ ነበሩ።

በዚህ መካከል ዳባዲ በስፔን ድንበር አቅራቢያ በአንዳይ ከተማ፣ በባሕር ላይ በሚገኝ ኮረብታ፣ ዝነኛው መሐንዲስ ቪዮሌ ለዱክ በነደፈው ዕቅድ ቤት አሠራ። ሥራው ከ1864 እስከ 1879 ፈጀ። በ1859 ያገባት ባለቤቱ ቪርጂኒ ደ ሳን ቦኔ አብራው ኖረችበት፤ ልጅ አልወለዱም። የቤቱ ግድግዳ በኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎች የተጌጠ ነው፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛም ይነበብበታል። በአንድ ወገን ቤተ ጸሎት፣ በሌላው የከዋክብት መመልከቻ አለው። ከግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ ወደ ላሩን ተራራ አቅጣጫ ተበስቶ ነበር፤ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በዚያ በኩል ሊለካ አስቦ ነው። ሙከራው ከሸፈ። ዳባዲም ቀዳዳውን አላስደፈነውም፤ ምንም አለማየቱንና ምንም አለመማሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ አስቀርጾ በላዩ አስቀመጠ። እንግዶቹን ሲያስጎበኝ ይህንንም ያሳይ ነበር ብለን ብንገምት ከጠባዩ የራቅን አይመስለኝም።

በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በኋላም ፕሬዚዳንቱ። የአንዳይ ከተማ ከንቲባ ሆኖም አገልግሏል። ለባስክ ሕዝብ ቋንቋና ዘፈን በየዓመቱ የውድድር በዓል አቋቁሞ ከኪሱ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በ1880 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዚያ ዘመን ባዕዳን ይጠቀሙበት የነበረውን የንቀት ስም ትቶ ኦሮሞ የሚለውን ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበትን ስም በርእሱ ላይ አስቀመጠ። ታናሽ በሆነ ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ያደገ ሰው የስምን ነገር ከሌሎች ይልቅ ይረዳል ብዬ አስባለሁ። በ1882 ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ዝሁራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ሃይቲ ተጓዘ። ሁለት ዓመት ቆይቶም የመግነጢስ መለኪያውን ይዞ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ።

ቤቱንና ርስቱን ለሳይንስ አካዳሚ በስጦታ ሲያወርስ ግዴታ አስቀመጠ፤ በአምሳ ዓመት ውስጥ የአምስት መቶ ሺህ ከዋክብት ዝርዝር እንዲሠራ። ሥራውን የሚመሩት ካህን ነበሩ፤ አባ ቬርሻፌል ይባላሉ። ቀን ቅዳሴ በሚቀደስበት ቤት ሌሊት የከዋክብት መተላለፊያ ሰዓት ይመዘገብ ነበር።

ቦቴጎ በመጋቢት 17 ቀን 1897 በወለጋ ምዕራብ ዳጋ ሮባ በተባለ ስፍራ በውጊያ ተገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 19 ቀን፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ አንትዋን ዳባዲ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አንዳይ ተወስዶ በቤቱ ቤተ ጸሎት ውስጥ ከመንበሩ ሥር ተቀበረ፤ ቪርጂኒም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአጠገቡ ዐረፈች።